ያልተመለሰችው ሜዳሊያ

ባሌ ሲሪል ዕድሜ ልኩን በእንግሊዝ ጦር የአንድ ሬጅመንት ግምጃ ቤት ሹም ነበር። ጀርመን፣ ቆጵሮስ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ጦሩ በሄደበት ሁሉ ብርድ ልብስና ቦት ጫማ ሲያድል ኖረ። ተኩሶ የጣለው ሰው የለም፤ ካልሲ ከልክሎ ያስለቀሰው ግን መዓት ነው። ወታደሮቹ "ከሲሪል ካልሲ፣ ከድንጋይ ወተት" ይሉ ነበር።

ጡረታ ወጥቶ አገራችን ተመልሰን ካተሪክ ከተማ ከተቀመጥን በኋላ፣ ጉም ከሜዳው አልነሳ ባለበት መኸር ታመመ። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል አለን። ሲሪል ግን በሰመመን ውስጥ ሆኖ ዕቃ መመለስ ጀመረ። መነጽሩን፣ ሰዓቱን፣ የሻይ ኩባያውን እያነሳ ይሰጠኛል።

"ተረከቢ።"

"የት ልትሄድ?"

"ልሰናበት ነዋ! ርክክብ ሳያልቅ ማን ይሰናበታል?"

አንድ ቀን ሜዳሊያዎቼን አምጪ አለኝ። እኔ ሞኝ ነኝ? የረጅም አገልግሎትና የመልካም ጠባይ ሜዳሊያውን ሜዳሊያዎቹ ከተሰኩበት መደዳ ፈትቼ ዱቄት ዕቃው ውስጥ ቀበርኳትና ሌሎቹን ይዤለት ገባሁ።

"አንድ ጎድሏል" አለ።

"እንግዲያው አትሄድም። ጉድለት ያለበት ሹም የት ይሄዳል?"

በረዶ ወርዶ እስኪቀልጥ ሲፈልጋት ከረመ። ዓይኑን ጨፍኖ በድሮ ግምጃ ቤቶቹ ውስጥ ይዞራል። "ቆጵሮስም የለች" ይለኛል። አንዳንዴ እኔንም ይዞኝ ይገባል፤ የድንኳን ሸራ ይሸተኛል፣ የባሕሩ ነፋስ ፊቴን ይነካኛል፣ ሁለታችንም ወጣት ሆነን በብርድ ልብስ ክምር መሃል እንሄዳለን። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በኋላ ግን ትንፋሹ አጠረ፤ ሲያቃስት መስማት አንጀቴ አልችል አለ። ሜዳሊያዋን አውጥቼ በሽርጤ ጠርጌ አመጣሁለት።

"ተገኘች" አልኩት።

"ከዱቄቱ ውስጥ?"

ክው አልኩ። "ታውቅ ነበር እንዴ?"

"ኤድና፣ ስንት ሌባ ወታደር ያሳደግኩ ሰው ነኝ እኮ! ያን ዕለት ክርንሽ ድረስ ዱቄት ነበርሽ።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው ስትፈልግ የከረምከው?"

"አትሂድ እያልሽኝ ልሂድ?"

ሜዳሊያዋን ሹራቤ ላይ ሰካት፤ በግራ በኩል።

"በግራማ የተሸለመው ራሱ ነው የሚያደርገው! የእኔ ቢጤ ዘመድ በቀኝ ነው" አልኩት።

"ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ስትጎተቺ መልካም ጠባይ ያሳየሽው አንቺ ነሽ። ይቺ ተመላሽ አይደለችም።"

በማግስቱ ጠዋት ተሰናበተ።

የቀብሩ ዕለት የድሮ ረዳቱ ሳጅን ኖርማን በግራ ደረቴ ያደረግኳትን ሜዳሊያ አይቶ ጠጋ አለኝ። "እትዬ ኤድና፣ አይቆጡኝና፣ የሟች ሜዳሊያ በቀኝ ነው።"

"የሟቹማ በቀኝ ናቸው፤ ዓይንህን ግለጥ! ይቺ የራሴ ናት። ሲሪል ነው የሰጠኝ።"

"ሲሪል? ያለ ተመላሽ?"

"ያለ ተመላሽ።"

ኖርማን ባርኔጣውን አወለቀ። እኔም ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።