የኋላው መስታወት ጉም

ደንበኛ ሁሉ ብልሽቱን ይዞ ይመጣል፤ አባት ሲሆን ግን ብልሽቱንም ፍርዱንም አንድ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። ዝናቡ አላባራ ባለበት በዚያ ጠዋት ሽማግሌው የመኪናቸውን አፍንጫ ከጋራዡ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስገቡና ገና ሳይወርዱ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

"የኋላው መስታወት ማሞቂያ ሞቷል" አሉ። "አንድም መስመር አይሠራም፤ ጉሙ አልለቅ ብሎኛል። ትናንት የሆስፒታሉን አጥር የገጨሁት በሱ ነው።"

ልጃቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የመሞከሪያ መብራቱን ከጆሮው ላይ ስለማያወርድ የሚያውቀው ሁሉ "ቴስተር" ይለዋል፤ እናቱም ሳይቀሩ። ሙያውን ያስተማሩት እኚሁ አባቱ ናቸው። ስለዚህ ሥራው ላይ ቆመው አቃቂር የማውጣት መብት አላቸው፤ በመብታቸው ደግሞ አይቀልዱም።

እናትየው በወፍራም ሹራብ ተጠቅልለው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ወዲህ ደማቸው የሚታጠበው ሆስፒታል ነው፤ የሚያመላልሷቸውም ባላቸው ናቸው። "ዛሬ እንኳ እኔ ላድርሳቸው" ያለ ሁሉ ከሽማግሌው ጋር ተኳርፏል። "ሚስቴን በሰው መኪና አልልክም" ይላሉ፤ አለቀ። መኪናው ቆመ ማለት ሽማግሌው ቆሙ ማለት ነው። ቴስተር ይህን ስለሚያውቅ የጀመረውን ሥራ ጥሎ ተነሳ።

ኮፈኑን ከፍቶ ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። "እስቲ ማብሪያውን ይጫኑት" አለ። ሽማግሌው ተጫኑ። ኃይሉን ወደ መስታወቱ የምታሳልፈው ሪሌ ቀጭ አለች።

"ትሰማለች" አሉ፣ ጆሯቸውን ቀስረው። "እሷን ተዋትና ወደ መስታወቱ እለፍ። ደግሞ አንድ ብልሽት አገኘሁ ብለህ እጅህን እንዳትታጠብ። ከኋላው ሌላ ይኖራል።"

"ይቺን እንኳ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻታለሁ፣ አባባ።"

"መስማቱንማ ሰምተሃል፤ መቼ ገባህ!"

ቴስተር የኋላው ወንበር ላይ ተንበርክኮ መስታወቱ ላይ የተለጠፉትን ቀጫጭን መስመሮች በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ በመልቲሜትሩ ጫፍ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ኃይሉ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ጎን በደንብ ይወጣል። አንዷ መስመር ላይ ግን መሃል ሲደርስ ቁጥሩ ድንገት ዘለለ። እዚያ ጋ ተቆርጣለች። የእናቱ ተሽከርካሪ ወንበር ሲጫንና ሲወርድ ፍቋት መሆን አለበት። ለዚሁ የሚሆነውን የብር ቀለም በቀጭን ብሩሽ ቀባትና እስክትደርቅ እያፏጨ ጠበቀ። በአንዲት መስመር መቆረጥ መስታወቱ በሙሉ ጉም እንደማይይዝ ጠፍቶት አይደለም። ግን ብልሽት አግኝቶ ደስ ያለው ሰው ምን ይመረምራል? አባባ ትንሽ ማጋነን ይወዳሉ ብሎ አለፈው።

ለመሞከር ከቢሮው የውሃ ማፍያ አምጥቶ እንፋሎቱን መስታወቱ ላይ ለቀቀው። መስታወቱ ነጭ ሆነ። ሽማግሌው ማብሪያውን ተጫኑ፣ ሪሌዋ ቀጭ አለች፣ ቴስተርም ወርዶ ከመኪናው ኋላ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። መስመሮቹ ጉሙን ሰነጣጠቁት፤ የተጠገነችውም አላሳፈረችውም። ትንሽ ቆይቶ መስታወቱ ጥርት አለ። የአባቱ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ያለው ስፌት ሳይቀር ይታየዋል።

"እንዴት ነው፣ አባባ?" ብሎ ጮኸ።

ሽማግሌው ወደ ኋላ ማሳያዋ መስታወት ቀና ብለው ዓይናቸውን አጠበቡ። "ያው ነው። ጉም ነው።"

"ኧረ አይቀልዱ!"

"ከመቼ ወዲህ ነው በሥራ የምቀልደው? ምንም አይታይም አልኩህ!"

ያን ጊዜ እናትየው ቀስ ብለው ዞሩ። በጠራው መስታወት እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ከዚያ እናትየው አንገታቸውን ደፉ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ትናንት ከሕክምናው ስንመለስ ደክሞኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?" ብለው ሽማግሌው ተቆጡ።

ቴስተር ሁሉም ነገር ገባው። ለካ መንገዱን ሙሉ "ሰው አለ፣ ግራ ያዝ፣ አቁም" እያሉ ሲነዱ የከረሙት በሽተኛዋ እናቱ ናቸው! ወደ ኮፈኑ ሄደና ሪሌዋን ነቅሎ ኪሱ ከተታት።

"አባባ" አለ፣ ድምፁን እንደ ሌላው ቀን ለማድረግ እየታገለ፣ "መስታወቱ ራሱ መቀየር አለበት። ዕቃው እስኪገኝ መኪናው እዚህ ይቆይ። እማዬን እኔ አመላልሳታለሁ።" ለደንበኛ ዋሽቶ ስለማያውቅ ምላሱ ተሳሰረ።

ሽማግሌው ማብሪያውን ተጫኑ። ዝም። ደግመው ተጫኑ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ከመደብደቡ በቀር ሌላ ድምፅ የለም።

"ቅድም ትሰማ ነበር" አሉ።

የቴስተር እጅ ወደ ኪሱ ሄደ።

"ሪሌ ነቅሎ ደንበኛ ማታለል እንኳ እኔ አላስተማርኩህም።" ድምፃቸው ውስጥ ድካም እንጂ ቁጣ አልነበረም። "ሁለተኛውን ብልሽት አገኘኸው ማለት ነው።"

"መቼ ጀመረዎት?"

"ሐኪሙ 'የጠፋው የዓይን ብርሃን አይመለስም' ካለኝ ከርሟል። ብቻ ምናልባት አንተ መስታወቱ ነው ትለኛለህ ብዬ ነበር።" መሪውን በመዳፋቸው ዳበሱት። "እሷን ማድረስ ከቀረብኝ እኔ ምን ልሠራ ነው፣ ልጄ? ሌላ ሥራ የለኝም እኮ።"

እናትየው አለቀሱ። ቴስተርም እንባው መጣ። ኮፈኑን ትቶ ኮቴው ሳይሰማ መጥቶ ከአባቱ መስኮት አጠገብ ቆመ።

ሽማግሌው ቁልፉን ነቀሉ። "እንካ" ብለው በመስኮቱ እጃቸውን አወጡና ማንም ወደሌለበት፣ ወደ ኮፈኑ ዘረጉት።

ቴስተር እዚያው ጎናቸው ነበር። "እዚህ ነኝ" ሊል ቃጣውና ተወው። ቀስ ብሎ እጃቸው ወደ ተዘረጋበት ሄደና እዚያ ቆሞ ቁልፉን ተቀበላቸው።