ቢጫዋ

"ቢጫ የምታዘወትር ሴት ታውቂያለሽ?" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በከንፈሯ ስፒል እንደያዘች።

ደንበኛዋ የቀሚሷ ጠርዝ እየታጠፈ ስለነበር እንዳትነቃነቅ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። "ቢጫ ምን?"

"ምንም ይሁን። ቀሚስ፣ ሻርፕ፣ ጃኬት።"

"እኔ እንጃ። የልጄ አስተማሪ ቢጫ ጃንጥላ አላት።"

ልብስ ሰፊዋ አስተማሪዋን በልቧ ያዘቻት። ሰሞኑን እንዲህ ሆናለች። ትናንት እንኳ አንዲት የማታውቃትን ሴት በቢጫ ካልሲዋ የተነሳ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ተከትላታለች።

ጥግ ይዛ ቁልፍ የምትተክለው ታናሽ እህቷ ቀና ብላ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። ከልብስ መሞከሪያው መጋረጃ ጀርባ ሻንጣ መቀመጡን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የልብስ ሰፊዋ ባል ሠዓሊ ነው፤ ሱሪና ሸሚዙ ሁሉ ተጣጥፎ እዚያ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ቢጫዋ ሴት ከተገኘች ሻንጣው በቀጥታ እናቱ ቤት ይሄዳል፤ ባልየውም ይከተለዋል።

ነገሩ የጀመረው ከሥዕል ነው። አዲስ ሙሽሮች ሳሉ ሠዓሊው የሚስለው እሷን ብቻ ነበር። የክት ልብሷን ለብሳ፣ ተኳኩላ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ እሱ ይስላል። ዓይኗ ዓይን፣ አፍንጫዋ አፍንጫ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ "መናገር ብቻ ነው የቀራት" ይል ነበር። ከዚያ አንድ ቀን፣ "ካሜራ ከመጣ ወዲህ መልክ መቅዳት የሠዓሊ ሥራ መሆኑ ቀርቷል" አለና ፊቷን ሸራው ላይ ይሰባብረው ጀመር። ታላላቆቹ ሠዓሊዎች ከመቶ ዓመት በፊት ያደረጉት ነው፤ አንድን ሰው ከፊትም፣ ከጎንም፣ ከኋላም ባንዴ ማየት ይቻላል ብሎ አስረዳት። ዓይኗ ወደ ጆሮዋ ሄደ፤ አፍንጫዋ ለሁለት ተከፈለ። ቻለችው። ባል አይደል፣ ይቻላል።

ያልቻለችው ቢጫውን ነው። መጀመሪያ በተሰባበረው ፊቷ መሃል እንደ ክር ቀጥኖ ገባ። ቀጥሎ ሥዕሉ ውስጥ እሷ እየከሳች ስትሄድ ቢጫው ወፈረ፤ በመጨረሻ ፊቷ ጨርሶ ጠፋና ሸራው ላይ ቀለም ብቻ ቀረ። እሷ ደግሞ ቢጫ ፊቴን ያጠወልገዋል ብላ መሀረብ እንኳ ቢጫ አትይዝም።

"ይሄ ቢጫ ምንድን ነው?" ብላ ጠይቃው ነበር።

"ቀለም ነው" አላት፣ ዓይኑን ከሸራው ሳያነሳ።

ተጠርጣሪ ከዚህ የባሰ መልስ አይመልስም። በዚያ ላይ የሚሠራበትን ክፍል መቆለፍ ጀምሯል፤ በዚያ ላይ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አይታለች። በዚህ ዕድሜው ለማን ብሎ ነው የሚከሳው? ትናንት ደግሞ ስለ ኤግዚቢሽኑ ብታነሳበት፣ "የመጨረሻው ክፍል ገና ነው፤ ነገ ከምትመጪ ከነገ ወዲያ ብትመጪ ይሻላል" አላት። ከነገ ወዲያ! ያን ጊዜ ነው ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ያወረደችው።

ደንበኛዋ እንደወጣች ካፖርቷን ደረበች። "ተነሺ፣ እንሂድ።"

"እትዬ፣ ሜትሩን እንኳ ከአንገትሽ አውርጂ እንጂ።"

"ተይኝ፣ ካፖርቱ ይሸፍነዋል። አሮጌውስ አውርጄ ባስቀምጠው አይደል የጠፋው?" አለችና እህቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። አሮጌው ሜትር የጠፋው እህቷ ሱቁን ባጸዳች ሰሞን ነው፤ ይሄም ጥርጣሬ ገና ከልቧ አልወጣም።

የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ በር ላይ የተቀበለቻቸው አስጎብኚ ቢጫ ሻርፕ አድርጋለች። ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። እህቷ ክንዷን ጨበጠቻት። "እትዬ፣ በፈጠረሽ፣ እዚህ እንዳትጮሂ።"

"እንኳን ደህና መጡ" አለች አስጎብኚዋ፣ ምንም ሳይገባት። "ሠዓሊው የሄዱበት መንገድ ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀበት ነው። የመጀመሪያው ክፍል መልክ፣ ሁለተኛው የተሰበረ መልክ፣ ሦስተኛው ቀለም ብቻ።"

"ሠዓሊውን በደንብ ያውቋቸዋል?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"በሥራቸው ነው የማውቃቸው።"

"በሥራቸው" አለች ልብስ ሰፊዋ ለእህቷ በሹክሹክታ። "ሰማሽ?"

ግን ጨርቅ ስትለይ የኖረች ናትና ሦስተኛው ክፍል ሲደርሱ ሻርፑን ከሸራዎቹ ጋር አስተያየችው። ሻርፑ የሎሚ ቢጫ ነው፤ የሥዕሉ ግን የደበዘዘ፣ ብዙ እጅ የነካካው ቢጫ። አስጎብኚዋን በልቧ በነጻ አሰናበተቻት። የባሰው ሐሳብ የመጣው ግን ያኔ ነው። ቀለሙ እንዲህ እስኪደበዝዝ የተለበሰ ከሆነ ሴትዮዋ አዲስ አይደለችም፤ የከረመች ወዳጅ ናት ማለት ነው።

"የመጨረሻው ክፍል አሁን ገና ነው ያለቀው" አለች አስጎብኚዋ መጋረጃ እየገለጠች። "እዚህ ላይ መሳሉም ይቀራል፤ ዕቃው ራሱ ይሰቀላል። በዘመናችን ብዙዎች የደረሱት እዚህ ነው።"

ክፍሉ ነጭ ነው። ሸራ የለም፤ ሴትም የለችም። ሠዓሊው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ከፊቱ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ አንድ አሮጌ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል። የጫፉ ቆርቆሮ ወልቆ ቦታው በቀይ ክር ተጠምጥሟል፤ ክሩን የጠመጠመችው ራሷ ናት። መሃሉ ላይ ያሉት ቁጥሮች በአውራ ጣቷ ታሽተው ጠፍተዋል።

"ሜትሬ!" ብላ ጮኸችና እጇን ዘረጋች።

"እባክዎ፣ መንካት አይፈቀድም!" አለች አስጎብኚዋ።

"የገዛ ሜትሬን?"

እህቷ አፏን ያዘች። "ለዚህ ነው ለካ ቦርሳዬን ስትፈትሺ የሰነበትሽው! እኔን ጠርጥረሽ!"

ሠዓሊው ዞሮ ሲያያት ውሃ ሆነ። "ነገ ነይ ብዬሽ..."

"ቢጫው ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ታዲያ 'ቀለም ነው' ያልከኝ?"

"አንቺን መሳል ስላቃተኝ አፍሬ ነዋ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በፊት ለሥዕል ስትቀመጪ ሜትሩን ታወርጂና ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው ትደርቂብኛለሽ። መልኩ ይመጣል፣ አንቺ አትመጪም። አንቺ ያለሽው ይሄን አንገትሽ ላይ ጥለሽ፣ ስፒል ነክሰሽ ስታጎነብሺ ነው። ፊት ሰብሬ ሞከርኩት፣ በቀለም ብቻ ሞከርኩት፤ አልሆን ሲለኝ ሜትሩን ራሱን ወስጄ ሰቀልኩት።"

ደስታው ሳታስበው ፊቷ ላይ ወጣ። ቁጣው ግን ወዲያው ደረሰበት። "ፊቴንስ? ፊቴን አጥፍተህ ሜትሬን ብቻ አስቀረህ? እኔ ሜትር ነኝ?"

ሠዓሊው ከሜትሩ ዞሮ ፊቷን ትክ ብሎ አየ።

እሷም አየችው። ራሷ የሰፋችለት ኮት ከትከሻው ወርዷል፤ በሸሚዙ ኮሌታና በአንገቱ መሃል ጣት ይገባል። የሰው ወገብ ስትለካ እየዋለች የገዛ ባሏን ያን ኮት ከሰፋችለት ወዲህ ለክታ አታውቅም። ቀበቶውን ያየችው ልትከሰው ነው እንጂ እሱን ልታየው አልነበረም። አፈረች።

የካፖርቷን ቁልፍ ፈታችና አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ሳበችው። እሱም ቢጫ ነው፤ እስከዛሬ ልብ ብላው አታውቅም።

"ክንድህን አንሳ።"

"አሁን? ሰው እያየን?"

"ቢያይስ! አንሳ አልኩህ። ምሳ ትበላለህ?"

"አልፎ አልፎ። ሥራው ያዘኝና..."

ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ አዞረችው። ከኋላ የገቡ ጎብኚዎች ከግድግዳው ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ግድግዳው ተመለከቱ፤ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ያነሷቸው ጀመር። "ይሄ ቀጣዩ ክፍል መሆን አለበት" አለ አንዱ። "አሁን ደግሞ ሥራው ሰዎቹ ራሳቸው ሆኑ ማለት ነው።" አስጎብኚዋም ከማን አንሼ ብላ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ሠዓሊውን ሳቅ አመለጠው። እሷ አልሳቀችም። ሜትሩን ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጋ ዓይን ዓይኑን አየችው።

"ሌላ ቢጫ የለም?"

"የለም።"

"እናያለን።"

እህቷ ጠጋ ብላ፣ ሹክ ያለች እየመሰላት፣ "እትዬ፣ ሻንጣውንስ እናቱ ቤት ላድርሰው?" አለች።

"የምን ሻንጣ?" አለ ሠዓሊው፣ ክንዱን እንዳነሳ።

ልብስ ሰፊዋ ቁጥሩ እንዳይጠፋባት አውራ ጣቷን ሜትሩ ላይ ተጭና ወደ እህቷ ዞረች።

"ሱሪዎቹን አውጪና ማሽኔ ላይ ደርድሪልኝ" አለች። "ሁሉም መጥበብ አለባቸው።"