በስድስት ስክሪን የወረደ ኮረብታ

የካርታ ባለሙያዋን ያሳደጓት አክስቷ የሚኖሩት ከኮረብታው ሥር ነው። ኮረብታው ደግሞ ተሰንጥቋል። ይህን ለቢሮው አለቃ ብትነግር ብትነግር «እናያለን» ከማለት ሌላ ጠብ የሚል መልስ አላገኘችም። እንግዲያው በዓይኑ ይየው ብላ ተነሳች።

ኮረብታው ሲናድ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለመሥራት የእሷ ኮምፒውተር ብቻውን አቅም አልነበረውም፤ አንዱን ምስል ሲያምጥ ውሎ ቀጥ ይላል። ስለዚህ የባልደረቦቿን ተራ ኮምፒውተሮች ለምና ስድስቱን በገመድ አያያዘች። ስክሪኖቹን ሦስት ከላይ፣ ሦስት ከታች ደርድራ ሥዕሉን ለእያንዳንዳቸው አከፋፈለች። አሳሯን ያበላት የጸሐፊዋ አሮጌ ማሽን ነበር። አምስቱ ድርሻቸውን ጨርሰው እሱን ይጠብቃሉ፤ እሱ ካልደረሰ ሥዕሉ ንቅንቅ አይልም።

«አትፍረጂበት፤ እንደኔው ጡረታውን እየጠበቀ ነው» አለች ጸሐፊዋ እየሳቀች።

ባለሙያዋም ማሽኑን ባዶውን ሰማይ እንዲስል ሰጠችውና ተገላገለች።

በስብሰባው ቀን ኮረብታው ከላይኛው ስክሪን ወደ ታችኛው ግልብጥ ብሎ ወረደ። አለቃው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

«እጅሽ ይባረክ! ለኤግዚቢሽኑ ይሆነናል። ዛፎቹን ግን ትንሽ አረንጓዴ ብታደርጊያቸው?»

«ከሥሩ የሚኖሩት ሰዎችስ፣ ጌታዬ?»

«እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው።»

ሌላው ክፍልም «የእናንተ ነው» ብሎ መለሳት።

ቢቸግራት አክስቷን ይዛ መጣች። አክስት መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኖቹ ተጠጉ።

«የኔ ቤት የቱ ነው?»

«ይቺ፣ ቀይ ጣሪያ ያላት።»

ጭቃው መጥቶ ቀዩን ጣሪያ ዋጠው። አክስት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው።

«አዩት አይደል፣ እትዬ? በሞቴ ይውጡልኝ፤ እኔ ጋ ይምጡ።»

«አንቺ ጋ? አራት ሆናችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቃችሁ! ሌላ የት አለኝ፣ ልጄ?»

አክስት ጣታቸውን ቀዩ ጣሪያ ላይ አሳረፉ።

«ይልቅ ንገሪኝ፤ መጀመሪያ የሚገባው በየት በኩል ነው?»

«በጓሮ።»

«አልጋዬ እኮ ያለው በጓሮው በኩል ነው።»

በማግስቱ ጸሐፊዋ የምትጽፈው ደብዳቤ ስለነበራት ገመዶቹ ተነቀሉ፤ ኮምፒውተሮቹም ወደየጠረጴዛቸው ተመለሱ። የካርታ ባለሙያዋ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ አክስቷ ቤት ሄደች። ሰማዩ ጠቁሯል። ሁለቱ ተጋግዘው አልጋውን እየጎተቱ ወደ በሩ አዞሩት። ጭቃው እዚያም እንደሚደርስ ታውቃለች፤ ሥዕሉን የሠራችው ራሷ ናት።

«አሁን ደህና ሆነ» አሉ አክስት፣ አንሶላውን እያስተካከሉ።

«ደህና ሆነ፣ እትዬ» አለች።