የእረፍት ዘመቻ

ደርግ ሁሉን ነገር በዘመቻ በሚያሠራበት ዘመን፣ ምናለ ከኩልመስክ ከተማ በላይ ባለው የመንገድ ሥራ ካምፕ የፕላን ክፍል ኃላፊ ነበር። ክፍሉ ማለት እሱ ራሱና አንድ ጠረጴዛ ነው። ሥራው ድንጋይ መፍጫው የማይችለውን ያህል እንደሚፈጭ ለበላይ አካል ቃል መግባት፣ ቀጥሎ ደግሞ ለምን እንዳልፈጨ ማስረዳት ነበር። በዚህ የተነሣ ጨጓራው እንደ እሳት ይፈጀዋል፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግራ ዓይኑ ይርገበገባል።

የሙጃው ሰው ደርበው ደግሞ እዚያው ካምፕ ቀኑን ሙሉ መሰርሰሪያ ማሽን ታቅፎ አለት ሲበሳ ይውላል። ማሽኑ ሲጠፋ እሱ አይጠፋም፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሽሮውን ጭኑ ላይ ይደፋዋል። ሚስቱ ገለቴ፣ "ካንተ ጋር መተኛትማ ካሚዮን ላይ ተጭኖ ወልድያ መሄድ ነው" ብላ መደብ ለይታለች።

አንድ ቀን ሐኪም መጣና ሠራተኛውን አየ። "በሽታችሁ ጭንቀት ነው፤ እረፉ" ብሎ ሄደ። የካምፑ አዛዥ ጓድ ከፋለ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። የእረፍት ዘመቻ አውጆ፣ በየቅዳሜው ጠዋት ሠራተኛው በሙሉ ባሕር ዛፉ ሥር ተሰልፎ እንዲያርፍ አዘዘ። የቀረ ይቀጣል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። "ድካም ይውደም!" ሲባል ሁሉም ቡጢውን አንሥቶ "ይውደም!" አለ። ከዚያ ከፋለ ስለ እረፍት ጥቅም ንግግር ጀመረ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ገና መግቢያው ላይ ነበር። ሠራተኛው ቆሞ ሲያርፍ ወገቡ ሊቆረጥ ደረሰ።

በመሀል ከኋላ ከባድ ማንኮራፋት ተሰማ። ደርበው ሣሩ ላይ ተዘርሯል።

"ማነው ይሄ አድኃሪ? ቀስቅሱት!" ጮኸ ከፋለ።

ጎተቱት፤ ዞሮ ተኛ። ውሃ ረጩበት። "ገለቴ፣ ጣራው ያፈሳል" አለና ቀጠለ።

"ይህ አሻጥር ነው! ጓድ ምናለ፣ ክሱን ጻፍ!"

ምናለ እስክሪብቶውን አወጣ። ዓይኑ የደርበው እጆች ላይ አረፈ፤ ሁለቱም ደረቱ ላይ ጸጥ ብለዋል። እነዚያን እጆች እንዲህ ሆነው አይቷቸው አያውቅም። ሳቁ መጣበት።

"ምን ብዬ ልክሰሰው፣ ጓድ? ትእዛዙን የፈጸመው እሱ ብቻ ነው። የቀረነው ሥራ ላይ ነን።"

የካምፑ ወጥ ሠሪ የብርቅዬ ሳቅ አፈትልኮ ወጣ፤ ሰልፉም ተከተላት። ምናለ ጫማውን አውልቆ ደርበው አጠገብ ጋደም አለ። ብርቅዬ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ቆሞ የቀረው ከፋለ ብቻ ነበር።

ሰኞ ዘመቻው ተሰረዘ። ምናለ ከቢሮ ተባሮ አካፋ ተሰጠው። በመጀመሪያው ቀን መዳፉ ውሃ ቋጠረ፤ ደርበው በቡትቶ አሰረለት።

"ቢሮው አይሻልህም ነበር?" አለው።

"እንጃ፣ አያ ደርበው። እዚህ እንኳ ድንጋዩን ብሰድበው ስብሰባ አይጠራብኝም" አለና አካፋውን አነሣ።