የኤፍራታ ቅኝት

«አንቺም እንደ ኤፍራታ ከፋርማሲው ነሽ?» አሉ ጋሽ ኃይሉ፣ በለቅሶ ቤቱ በር ላይ ለቆመችው ወጣት ወንበር እየሳቡ።

የሟቿ እናት ስሂን ደንግጣ ቀና አለች። መጪዋ ሂዊ ናት፤ እዚያው አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ከስሂን ልጅ ከኤፍራታ ጋር በአንድ ወርክሾፕ ትሠራ የነበረች። ሂዊ በጀርባዋ ያዘለችውን የመሣሪያ ቦርሳ እያወረደች፣ «ኖ፣ እኛ ሙዚቃ ነው የምንሠራው። የጥንት መሣሪያ» አለች እንግሊዝኛ በቀላቀለ አማርኛዋ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ጠባብ አፓርታማ በለቀስተኛ ሞልታለች። ሁሉም ወደ ስሂን ዞረ።

«እሱ እንኳን ለትርፍ ጊዜዋ ነበር» አለች ስሂን ቶሎ ብላ።

ሂዊ ቀና ብላ አየቻት። ስሂን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ለቀስተኛው እንባ መስሎት «አይዞሽ፣ ቻይው» አላት፤ እሷ የሸፈነችው ግን እፍረቷን ነበር።

ኤፍራታ የፋርማሲ ትምህርቷን አቋርጣ ሲተርን የሚባለውን የድሮ አውሮፓውያን ባለ ሽቦ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ስትይዝ፣ ስሂን ለሰው መናገሩ ከበዳት። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «ልጅሽ ጨረሰች?» ሲሏት «ጨርሳ ፋርማሲ ሥራ ይዛለች» አለች። ከዚያ ወዲህ ቃሏን የምታጥፍበት ቀን አልመጣም።

ኤፍራታን ቤልትዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ መኪና ገጭቶ ከመግደሉ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ሥራ ቦታ ኮል አድርጋላት ነበር።

«ማሚ፣ አገኘሁት! ቅኝቱን አገኘሁት!»

ከአንድ አሮጌ የሲተርን ዜማ የእጅ ጽሑፍ ጋር ስትታገል ከርማለች። ጽሑፉ ጣት በየትኛው ክር ላይ የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ክሩ በምን ድምፅ እንደሚቃኝ አይናገርም።

«አንዱ ዜማ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ መጀመሪያ በአንዱ ክር፣ ኋላ በሌላው። ሶ ሁለቱ እኩል መሰማት አለባቸው! ከዚያ ተነስቼ የሁሉንም አወጣሁ። የዳሩ ክር ድምፁ ወፍራም ይመስለን ነበር። አይደለም፣ ማሚ፤ ከጎረቤቱ ይቀጥናል!»

«ለዚህ ነው ከሥራዬ የምታስነሺኝ?» ብላ ስሂን ስልኩን ዘጋችባት። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

አሁን ሂዊን ወደ ኩሽና ጠራቻት።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ሰው ፊት ቃልሽን አስተባበልኩ።»

«ኤፊ ታውቅ ነበር፣ እትዬ ስሂን።»

«ምኑን?»

«እርስዎ ለሰው የሚሉትን። ቸርች ስንመጣ እናቶች ስለ ደም ግፊት ክኒን ይጠይቋታል። ‹ሐኪምዎን ያማክሩ› ትላቸዋለች። ‹ለምን እውነቱን አትነግሪያቸውም?› ስላት ‹ማሚ ታፍራለች› አለችኝ። ከዛ መኪና ውስጥ ገብታ ዝም።»

ስሂን የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። እስከ ዛሬ ውሸቱን ብቻዋን የተሸከመችው ይመስላት ነበር።

ሳሎን ሲመለሱ፣ ገና የገቡ አንዲት ሴትዮ «ያቺን የመድኃኒት ባለሙያ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ።

«ባለሙያስ ነበረች» አለች ስሂን። «የመድኃኒት ግን አይደለም። እኔ ነኝ የዋሸኋችሁ። ልጄ ሙዚቀኛ ነበረች። የጠፋ ቅኝት ትፈልግ ነበር፤ አግኝታውም ነበር።»

ጋሽ ኃይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዷ ሌላዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ስሂን ስትናገረው የሚቀልላት መስሏት ነበር፤ አልቀለላትም። ጆሮዋ ድረስ እየጋለች ተቀመጠችና ሂዊን ስባ ከጎኗ አስቀመጠቻት።

የሂዊን ግራ እጅ አንስታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። የጣቶቿ ጫፍ በሽቦው ክር ደንድኗል። የልጇም ጣቶች እንዲህ ነበሩ ይሆን? አታውቅም፤ ይዛ አይታቸው አታውቅም። እያንዳንዱን ጫፍ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዳበሰች። ጨርሳም ከትንሿ ጣት እንደገና ጀመረች።