የመቀስ ንጹሕ ገጽ

የመጽሔቱ ጸሐፊዎች «መቀስ» ይሏታል። ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! አራሚ ናት፤ ጽሑፍ እጇ ከገባ ሲሶው ተቆርጦ ነው የሚወጣው። አንድ ቃል አንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለቴ ካየች ያማታል፤ አንዱን ካልሰረዘች ምሳ አይወርድላትም። ቅጽል ስሟን ሰምታዋለች፤ ደስም ብሏታል።

እሷ ደግሞ ጸሐፊዎቹን ከልቧ ትንቃቸዋለች። ዓረፍተ ነገር ጀምረው መጨረሻው የሚጠፋባቸው፣ እሷ ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ከጻፈችላቸው በኋላ ኮሪደር ላይ «እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው!» ሲባሉ ደረታቸውን የሚነፉ። «ማን አገዘህ?» የሚል ቢገኝ መልሳቸው «ማን ያግዘኛል?» ነው። መቀስ ይህን በሰማች ቁጥር «አይ ዓይን አውጣ! ሌባ ሁላ!» ትልና ወደ ወንበሯ ትመለሳለች።

ታዲያ አንድ ቀን መጽሔቱ መታተሙ ቀረ፤ ከእንግዲህ በኢንተርኔት ብቻ ነው ተባለ። ከሁለቱ አራሚዎች የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ የፈለገው ጽሑፉን አርሞ፣ ገጹንም ራሱ በኤችቲኤምኤል፣ በድረ ገጽ መሥሪያው ቋንቋ፣ አሰናድቶ የሚያወጣ ሰው ነው። ሁለቱም ይማራሉ፣ አንድ አንድ ገጽ ይሠራሉ፣ ገጹ ያማረለት ይቆያል። መቀስ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ተነስታ የምትሄድበት ከዚያች ወንበር ሌላ የላትም። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ፊቷ ላይ የሚነበበው ንቀት ብቻ ነበር።

ሁለተኛው አራሚ «አቶ ይሁን» ነው። ስሙ አይደለም፤ የተባለውን ሁሉ «ይሁን» እያለ ስለሚቀበል ያወጡለት ነው። ቀይ እስክሪብቶውን ጨብጦ አንድ መስመር ላይ ግማሽ ቀን የሚተኛ ሰው! መቀስ እሱንማ ከሰው አትቆጥረውም።

አስተማሪ ሆና የመጣችውስ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የገዛ እህቷ ልጅ! ፊደል ያስቆጠረቻት፣ አፍንጫዋን የጠረገችላት ልጅ፣ ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆማ «አክስቴ፣ እዚህ ጋ ልብ በይ» ትላታለች።

«ኮምፒውተሩ የቱ ርዕስ፣ የቱ አንቀጽ እንደሆነ አያውቅም» አለች ልጅቷ። «እኛ ነን የምንነግረው። ርዕሱ ፊት መክፈቻ ምልክት እናደርጋለን። ርዕሱ ሲያልቅ ያንኑ ምልክት፣ ዘንበል ያለች ሰረዝ ጨምረንበት፣ መዝጊያ እናደርገዋለን። አንቀጹም እንደዚያው፣ ደመቅ እንዲል የምንፈልገው ቃልም እንደዚያው።»

«ይኸው ነው?» አለች መቀስ።

«መሠረቱ ይኸው ነው።»

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተመላለስሽው? ክፈት፣ ዝጋ! እታች በር ላይ ያለው ዘበኛም ያውቀዋል እኮ!»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። አቶ ይሁን ግን እጁን አውጥቶ «ካልተዘጋስ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። መቀስ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቅም አለ! ልጅቷ መልሱን ስታስረዳ እሷ መነጽሯን አውልቃ ትወለውል ነበር፤ አንዱንም አልሰማች።

ገጹን መሥራቱ አልከበዳትም። የልጅቷን ናሙና እያየች ምልክቶቹን በየቦታቸው አስገባች፣ ብራውዘር ላይ ከፈተችው፣ አማረ። ከማስረከቧ በፊት ግን እንደ ልማዷ ከጀርባው ያለውን ኮድ ለመጨረሻ ጊዜ በዓይኗ አበጠረችው። ምን ታያለች? ያው ምልክት አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ፣ በየመስመሩ! «አንዴ ርዕስ ነው ካልነው ርዕስ ነው! ይሄ ማሽን ደንቆሮ ነው እንዴ ሁለቴ የሚነገረው?» አለችና የኋላ የኋላውን እየለቀመች ሰረዘችው። ገጹ ንጹሕ ሆነላት። ብራውዘሩ ላይ ደግሜ ልየው እንኳ አላለችም። ገጾቹን ተቀብላ ለሥራ አስኪያጁ ለምታስተላልፈው ለእህቷ ልጅ ላከችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ገጾቹን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አሳየ። መጀመሪያ የአቶ ይሁንን ከፈተ። ወይ ጉድ! ከርዕሱ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መስመር ጽሑፉ በሙሉ የርዕስ ያህል ገዝፎ፣ ጠቁሮ ግድግዳውን ሞላው። ጸሐፊዎቹ ተንጫጩ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው መቀስ ናት።

«ዓይነ ስውር እንዲያነበው ነው እንዴ የሠራኸው?» ብላ አከለችበት።

«የረሳው አንዲት መዝጊያ ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የርዕሱን። ርዕሱ ካልተዘጋ ማሽኑ እስከ ታች ድረስ ሁሉንም ርዕስ አድርጎ ይቆጥረዋል።»

መቀስ ሳቋን አቋረጠች። አንዲት? እሷ እኮ አንድም አላስተረፈችም!

የእሷ ተራ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ጭብጨባ ሰማች። ገልጣ ብታይ ርዕሱ ርዕስ፣ አንቀጹ አንቀጽ ሆኖ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ከጀርባው ያለውን ኮድም ከፍቶ አሳየ። በገዛ ጣቷ የሰረዘቻቸው መዝጊያዎች አንድ ሳይጎድሉ በየቦታቸው ተመልሰዋል። ወደ እህቷ ልጅ ዞረች። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ጥፍሮቿን ትመረምራለች።

«እንከን የለሽ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «መቼም ዘመድ ናችሁና ሰው እንዳያማን ልጠይቅ፤ ያገዘዎት ሰው አለ?»

ልጅቷን ላለማጋለጥ ብዬ ነው ማለት ትችል ነበር። ግን ስለ ልጅቷ አላሰበችም፤ ያሰበችው ነገ ጠዋት ተነስታ የት እንደምትሄድ ነው።

«ማን ያግዘኛል?» አለች።

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። ደረቷ ሳይቀር ተነፍቶ ነበር። ስንት ጽሑፍ እንደ አዲስ የጻፈችለት አንድ ወፍራም ጸሐፊ ከማዶ ሆኖ፣ እንደ ባልንጀራው፣ በዓይኑ ጠቀሳት።

አቶ ይሁን ተነስቶ መጣና ቀይ እስክሪብቶውን ፊቷ አስቀመጠላት። «ይሁን፣ ይገባዎታል» አለ። «እኔማ ጠይቄ ተነግሮኝ እንኳ አንዷን ረሳሁ።»

እንዲህ ላለ ጊዜ የምትወረውረው ስድብ ዕድሜዋን ሙሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አሁንም መጣላት፤ ዓይን አውጣ፣ ሌባ። ክፍሉን ብታማትር ከራሷ በቀር የሚገባው ሰው አጣች። እስክሪብቶውን አንስታ ወደ ወንበሯ ሄደችና ተቀመጠች።