የሚስተር ናያር ሩዝ

«ሰር፣ ክንዴን ይያዙ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል።»

ሚስተር ናያር እንዳልሰማ ሰው ነጭ ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ውሃው ዳር ወረዱ። ሮንና አርቭ የሚገናኙበት ቦታ ነው። አንዱ ወንዝ ጥርት ያለ፣ ሌላው ደፍራሽ፤ ጥቂት ጎን ለጎን ይሄዱና ይቀላቀላሉ። በሽማግሌው አገር፣ በሕንዷ ኬራላ፣ በዓመት አንድ ቀን ለሙታን ሩዝ ይሰጣል፤ ወንዝ ከወንዝ በሚገናኝበት ሲሆን ደግሞ ይመረጣል።

የወይንሐረግ የሩዙን ድስት ይዛ ተከተለቻቸው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሐምሌ 21፣ 1976 ነው። ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ፈረቃዋን ቀይራ ነው የመጣችው። አዲስ አበባ ሂሳብ ያስተማሯት ሰው ጄኔቭ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ መጥተው፣ ሻትሌን በሚባለው ሰፈር፣ በራሷ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ያገኘቻቸው ዕለት እንደ ሕፃን አልቅሳለች።

«ትናንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የበላሁት» አሉ፣ ተማሪው ሁሉ እያስመሰለ ይስቅበት በነበረው አማርኛቸው። «እናንተ ጾም የምትሉት ነው።»

«እኛማ ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙ ይመስለን ነበር።»

ሳቁ። እውነቷን ነው። ሥጋ ሲቀምሱ ያየ ስላልነበረ ክፍሉ በሙሉ መናኝ አድርጓቸው ነበር። አንድ ረቡዕ ወተት ሲጠጡ የታዩ ዕለት ግን ጉድ ተባለ። ወንድሟ ፍቅሬ ብቻ ብድግ ብሎ፣ «ሐኪም አዞላቸው ነው» ሲል ተሟገተላቸው። ሐኪሙን ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። ያ ክፍል፣ የጠመኔው ብናኝ፣ የፍቅሬ ድርቅና፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ናፈቃት።

ሚስተር ናያር ቁጢጥ ብለው ሩዙን ከጥቁር ሰሊጥ ጋር አድቦለቦሉት። ለአባታቸው፣ ለእናታቸው፣ ለሚስታቸው፤ በየስማቸው እየጠሩ ለውሃው ሰጡ። አንድ ድቡልቡል እጃቸው ላይ ቀረ።

«ለተማሪም ይሰጣል» አሉ ቀና ሳይሉ። «የሚሰጥለት ካጣ። ግን የሞተ መሆን አለበት፤ በሕይወት ላለ ሰው ነውር ነው። ፍቅሬን ልጥራው?»

የወይንሐረግ ድስቱን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። ፍቅሬን ከቤት የወሰዱት ኅዳር 1970 ነው። አስከሬኑ አልተሰጣቸውም፤ ልቅሶ አልተቀመጡም፤ ፍትሐት አልተደረገለትም። እናቷ ዛሬም በየደብዳቤው «ወንድምሽ አንቺ ጋ አልደረሰም ወይ?» ትላለች። እሷም «ይደርስ ይሆናል» እያለች ስትመልስ ስድስት ዓመት አለፈ። አሁን እሺ ካለች ያንን ቃል ሁለተኛ መጻፍ አትችልም። ደግሞስ በማርያም ቀን፣ በሌላ እምነት ሥርዓት? የንስሐ አባቷ ቢሰሙ ምን ይሏታል?

«እርግጠኛ ካልሆንሽ ይቅር» አሉ መምህሩ። «ለዳክዬዎቹ እሰጠዋለሁ።»

ልቧ ካወቀው ቆይቷል፤ አፏ ነው እምቢ ያለው። ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ውሃው ይቀዘቅዛል።

«ፍቅሬ ብለው አይጥሩት፣ ሰር» አለች። «በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ኃይለመለኮት ይበሉ።»